28ኛው ቀን፦ ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን የዓይን ምርመራ፣ ደረጃ በደረጃ

ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን ሬቲናው፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይኑ የውስጥ ሽፋን፣ እየተበላሸ እንኳ ዓይኑ አይቀላም፣ አያነባም፣ አያብጥም። እናቲቱ ጡት እያጠባች ብታየው የሚያምር ጥቁር ዓይን ነው። ብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር መታየት ሲጀምር ሬቲናው ብዙውን ጊዜ ተነቅሎ አልቋል። ስለዚህ አርኦፒ የሚባለው ይህ በሽታ ምልክት ተጠብቆ አይመረመርም፤ ቀን ተቆጥሮ ነው የሚመረመር። መመሪያው ሐዋሳና አካባቢዋ በጨቅላ ሕፃናት ክፍልና በዓይን ክፍል ለሚሠሩ ነርሶችና ሐኪሞች ተጻፈ። ሆስፒታላችሁ የራሱ መመሪያ ካለው እሱ ይቅደም።

መጀመሪያ፣ ዓይኑ ውስጥ ምን እየሆነ ነው

የሬቲና ደም ሥሮች እርግዝናው 16ኛ ሳምንት ገደማ ሲደርስ የዓይን ነርቭ ከሚገባበት ቦታ፣ ዲስክ ከምንለው፣ ይነሱና ወደ ዳር ይጓዛሉ። በአፍንጫ በኩል ያለው ዳርቻ ቅርብ ስለሆነ በ36ኛው ሳምንት ገደማ ይደርሱበታል። በጆሮ በኩል ያለው ስለሚርቅ እስከ 40ኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም ትንሽ አለፍ ብሎ ይፈጃል። ደም ሥር እስኪደርስለት ድረስ የሬቲናው ዳር የሚኖረው ከበስተጀርባው ካለው፣ ኮሮይድ ከሚባለው የደም ሥር ሽፋን በሚያገኘው ነው።

ደም ሥሩን ወደፊት የሚስበው የኦክስጅን ማነስ ነው። ገና ደም ሥር ያልደረሰው ሬቲና ሲያድግ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ያኔ ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል፤ የዛፍ ሥር እርጥበት ወዳለበት እንደሚሄድ ደም ሥሩም ወደዚያ ያድጋል። ማህፀን ውስጥ የፅንሱ ደም ኦክስጅን ዝቅ ያለ ስለሆነ ሥራው በልኩ ይሄዳል።

ልጁ በ29 ሳምንት ሲወለድ ግን ሁለት ነገር በአንዴ ይለወጣል። ሳንባው አየር፣ ከዚያም ላይ የምንሰጠውን ኦክስጅን ያገኛል፤ ሬቲናው በኦክስጅን ስለሚጠግብ ቪኢጂኤፍ ይወርዳል፤ ደም ሥሩ ባለበት ይቆማል፣ የተሠራውም ይጠፋል። ከእናቱ ያገኘው የነበረው አይጂኤፍ-1 የተባለ የእድገት ሆርሞንም ይቋረጣል። ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም። ከ31ኛ ወይም 32ኛ ሳምንት በኋላ ሬቲናው አድጎ ሥራ ሲጀምር፣ ደም ሥር የሌለው ዳር በረሃብ ይጮኻል። ቪኢጂኤፍ ከልክ በላይ ይፈስሳል፤ አዳዲሶቹ ደም ሥሮች በሬቲናው ላይ መሄድ ትተው ወደ ዓይኑ መሃል ይበቅላሉ፤ ጠባሳ ይሆኑና ሬቲናውን ይጎትቱታል። የመጀመሪያው ምርመራ 28ኛው ቀን አካባቢ ላይ የወደቀው ለዚህ ነው፦ ከዚያ በፊት የሚታይ ነገር እምብዛም የለም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ ይለወጣል።

ደረጃ 1፦ ኦክስጅኑን እንደ መድኃኒት ቁጠሩት

የዓይን ሐኪሙ ከመምጣቱ አራት ሳምንት በፊት የልጁ ዓይን ዕጣ ግማሹ በነርሷ እጅ ላይ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ1942 ቦስተን ላይ ሲገለጽ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያለልክ የሚሰጠው ኦክስጅን እንደሆነ ተደረሰበት። ከዚያ ኦክስጅን ሲቆነጠጥ ደግሞ ሞትና የአንጎል ጉዳት ጨመረ። የዛሬው ልክ ከሁለቱም ስህተት የተወሰደ ነው፦

ኦክስጅን ላይ ላለ ቀኑ ያልሞላ ሕፃን ሳቹሬሽን፣ ማለትም በፐልስ ኦክሲሜትር የሚለካው የደም የኦክስጅን ሙሌት፣ ከ90 እስከ 95 በመቶ። አላርሙን ታች 89፣ ላይ 95 ላይ አድርጉት።

የላዩ አላርም ስለሚያስቸግር ብዙ ቦታ ጠፍቶ ይገኛል። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ሳቹሬሽኑ 99 የሆነ፣ ኦክስጅን ላይ ያለ ልጅ «በጣም ደህና» አይደለም። ከ95 በላይ ቁጥሩ ስለማይናገር በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ሁለት እጥፍ ሆኖም ማሽኑ ያው 99 ይላል። ልጁ ያለ ኦክስጅን በክፍል አየር እየተነፈሰ 99 ካሳየ ግን ምንም ችግር የለውም፤ አላርሙንም ወደ 100 መልሱት።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳር ከተማ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ኦክስጅን ያንሰዋል። ይህ ዒላማውን አይቀይርም፤ የምትከተሉት የልጁን ሳቹሬሽን እንጂ የመክፈቻውን ቁጥር አይደለም።

ብሌንደር፣ ኦክስጅንና አየር የሚቀላቅለው መሣሪያ፣ ያለው ክፍል ከ21 እስከ 30 በመቶ ጀምሮ እንደ ሳቹሬሽኑ ይጨምራል ይቀንሳል። ብሌንደር ከሌለ ግን የአየር ምንጭ ካለ በሁለት ፍሎሜትርና በዋይ ማገናኛ መቀላቀል ይቻላል። ስሌቱ፦ የኦክስጅኑ ሊትር በ100፣ የአየሩ ሊትር በ21 ይባዛል፤ ይደመርና ለጠቅላላው ሊትር ይካፈላል። 2 ሊትር ኦክስጅንና 6 ሊትር አየር ቢሆን፣ 200 ሲደመር 126፣ ለ8 ሲካፈል 41 በመቶ ይሆናል። ኦክስጅኑ ከአየር ከሚያጣራው ማሽን፣ ከኮንሰንትሬተር፣ ከመጣ ንጹሕነቱ 93 በመቶ አካባቢ ስለሆነ 39 ያህል ይሆናል።

በአፍንጫ ቱቦ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ 1 ሊትር ለ10 ኪሎ ልጅና ለ1 ኪሎ ልጅ አንድ አይደለም፤ ለትንሹ በጣም ብዙ ነው። በየፈረቃው «ዛሬ ሊቀነስ ይችላል ወይ?» ብላችሁ ሞክሩና በካርዱ ላይ ጻፉት።

የመብራት መጥፋት ብቻውን አንድ የአርኦፒ መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ኮንሰንትሬተሩ ቆመ፣ ሲሊንደር ተገናኘ፣ በጥድፊያ ከፍ ብሎ ተከፈተ፤ መብራቱ መጣ፣ ፈረቃው ተቀየረ፣ መክፈቻው ግን እንዳለ ቀረ። ሲሊንደር ባገናኛችሁ ቁጥር ሰዓቱንና ሊትሩን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ሲሊንደሩ ላይ ለጥፉ። ፎቶቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ደግሞ የፐልስ ኦክሲሜትሩ መያዣ በጨርቅ ካልተሸፈነ መብራቱ ንባቡን ያሳስታል።

ከኦክስጅን ውጪ ዓይኑን የሚረዱት የታወቁ ናቸው፦ የእናት ወተት፣ የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ኢንፌክሽን መከላከል። ክብደት መጨመር ያቃተው ልጅ አርኦፒም ይከፋበታል፤ ሚዛኑ ላይ የሚታየው ነገር ዓይን ውስጥም አለ።

ደረጃ 2፦ ማን ይመረመር

የአሜሪካ መመሪያ 1,500 ግራም ወይም ከዚያ በታች፣ አሊያም 30 ሳምንት ወይም ከዚያ በታች የሆኑትን ሁሉ፣ ከ1,500 እስከ 2,000 ግራም ሆነው ሕመማቸው የከበደባቸውንም ይጨምራል። ህንድ ውስጥ ግን መስመሩ ከ2,000 ግራም ወይም ከ34 ሳምንት በታች ነው። ኦክስጅን በጥንቃቄ በማይቆጠርበት አገር ከፍ ያለ ክብደት ያላቸው ልጆችም ስለሚታመሙ ነው የሰፋው።

የህንዱን ብትይዙ እንመክራለን። ብሌንደር በማይበቃበት፣ የመጨረሻው የወር አበባ ቀን በግምት በሚነገርበት ቦታ ጠባቡን መስመር መያዝ 1,700 ግራም ሆኖ ሦስት ሳምንት ኦክስጅን ላይ የቆየውን ልጅ ማሳለፍ ነው። ከ34 እስከ 36 ሳምንት የተወለደም ቢሆን ረጅም ኦክስጅን፣ ሴፕሲስ፣ ደም መውሰድ ወይም የመተንፈስ መቋረጥ ከነበረው ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

ደረጃ 3፦ ቀኑን በእኛ ካላንደር ማስላት

ደንቡ አጭር ነው። በ27 ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ከመጨረሻው የወር አበባ ተቆጥሮ 31 ሳምንት ሲሞላው ይመረመራል፤ ማለትም የ27 ሳምንቱ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ የ26ቱ ከአምስት፣ የ25ቱ ከስድስት። በ28 ሳምንትና ከዚያ በኋላ የተወለደ፣ ከተወለደ አራት ሳምንት ሲሆነው። በጣም ትንሽ የሆኑትን፣ ከ1,200 ግራም ወይም ከ28 ሳምንት በታች ያሉትን፣ የህንድ መመሪያ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲታዩ ይላል፤ ኃይለኛው ዓይነት ቀድሞ ስለሚመጣባቸው።

የወር አበባውን ቀን እናቶች የሚነግሩን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ይህ ስሌቱን ያቀለዋል፣ ወሩ ሁሉ 30 ነውና። የሚረሳው ጳጉሜን ነው። እንዲህ ቁጠሩ፦ የመጨረሻ የወር አበባ ሚያዝያ 12፣ ልደት ኅዳር 2። ከሚያዝያ 12 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 138 ቀን፤ ጳጉሜን 5፣ 143፤ መስከረም 30፣ 173፤ ጥቅምት 30፣ 203፤ ኅዳር 2፣ 205። ለ7 ሲካፈል 29 ሳምንት ከ2 ቀን። የመጀመሪያ ምርመራ ከኅዳር 2 በኋላ 28 ቀን፣ ኅዳር 30 ነው።

ጳጉሜን ብትረሳ ምን ይሆናል? ነሐሴ 20 የተወለደ ልጅ 28ኛው ቀኑ መስከረም 13 ነው። «20 ሲደመር 28፣ ሲቀነስ 30» ብሎ የቆጠረ ሰው መስከረም 18 ይጽፋል። አምስት ቀን። ለኃይለኛው አርኦፒ አምስት ቀን ብዙ ነው።

የወር አበባው ቀን ካልታወቀ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተነሣ አልትራሳውንድ ከሁሉ ይታመናል። እሱም ከሌለ የሕፃኑን አካል አይቶ ሳምንቱን የሚገምተው የባላርድ ምርመራና ክብደት ይቀራል፤ ባላርድ ግን በጣም ትንንሾቹ ላይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊያዛባ ይችላል። ሳምንቱ ካጠራጠራችሁ ልጁን ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፣ ከ28ኛው ቀንም አታሳልፉት። «የሰባት ወር ልጅ ነው» የሚለውን የቤተሰብ ንግግር ወደ ሳምንት አትቀይሩ፤ ሰባት ወር ሲባል ሰባት የሞላው ይሁን ሰባተኛው ውስጥ ያለው አይለይም፤ ልዩነቱ አራት ሳምንት ነው።

ደረጃ 4፦ ከክፍል ከመውጣታቸው በፊት

አብዛኛው ልጅ የሚጠፋው እዚህ ነው። በ22 ቀኑ ክብደቱ ጨምሮ ወጣ፤ የዓይኑ ቀጠሮ ለ28ኛው ቀን ነበር፤ ቤቱ አለታ ወንዶ ነው፣ ወይም ዲላ፣ ወይም ሻሸመኔ። ደግሞም 28ኛው ቀን የሚውለው እናቲቱ ገና አራስ ሳለች ነው። አራስ ከቤት አትወጣም፣ ጨቅላ ንፋስ ይመታዋል፤ ይህን የምትወስነው እናቲቱ ብቻም አይደለችም። ስለዚህ የምታሳምኗት አያቲቱንም ነው፣ በመውጫው ቀን ጥድፊያ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ፦

«እማማ፣ የልጁ ዓይን ሲያዩት ደህና ነው። ቀኑ ሳይደርስ ስለመጣ ግን የዓይኑ ውስጥ ደም ሥር ሠርቶ አልጨረሰም። በትክክል ያልቅ እንደሆነ የምናውቀው በዚያ ቀን በመሣሪያ ስናየው ነው። ካሳለፍነው ግን የሚመለስ አይደለም። በደረቷ ላይ ይዛው፣ በጋቢ ተሸፍና ትምጣ፤ አይበርደውም።»

ከአማርኛ ይልቅ ሲዳምኛ ወይም ኦሮምኛ ለሚቀላቸው በቋንቋቸው የሚነግር ሰው ጥሩ። ከዚያ፦

አንድ መዝገብ፣ ለዓይን ብቻ። ልጁ ሲገባ የልደት ቀን፣ ሳምንት፣ ክብደትና የምርመራው ቀን ይመዘገባል፤ ሲወጣ አይደለም። ሁለት ስልክ ቁጥር ውሰዱ፣ አንዱ የአባት ወይም የጎረቤት ይሁን፤ እዚያው ደውላችሁ መጥራቱን አረጋግጡ። የምርመራውን ቀን በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን አድርጉት፤ 28ኛው ቀን ከዚያ ቀን ጋር ካልገጠመ ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ፣ ማለትም ቀደም ያለውን ቀን ያዙ። ከሁለት ቀን በፊት የሚደውል ሰው በስም ይመደብ። ልጁ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ከተጻፈለት የዓይኑ ቀን በሪፈሩ ወረቀት ላይ ከላይ በትልቁ ይጻፍ።

ከተቻለ ደግሞ መውጫው 25ኛ ወይም 26ኛ ቀን ላይ ለወደቀ ልጅ ሳይወጣ ማስመርመር ከሁሉ ይሻላል። ቀጠሮ የማይጠፋው ተኝቶ ላለ ልጅ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ዕቃና ጠብታ

ኢንዳይሬክት ኦፍታልሞስኮፕ ባትሪው የተሞላ፣ 28 ዳዮፕተር ሌንስ፤ 20 ዳዮፕተሩ ያጎላል እንጂ የሚያሳየው ስፋት ያንሳል። የዓይን ቆብ የሚከፍተው የሕፃን ስፔኩለም፣ የሬቲናው ዳር እንዲታይ ዓይኑን ከውጪ የሚጫነው ዲፕረሰር፣ የማደንዘዣ ጠብታ፣ የተዘጋጀ አምቡ ባግ ከትንሹ ማስክ ጋር፣ ፐልስ ኦክሲሜትር። ስፔኩለምና ዲፕረሰሩ በሕፃናቱ ቁጥር ልክ ይሁን፤ ስድስት ልጅ ካለ ስድስት ጥንድ፣ ሁሉም በአውቶክሌቭ ያለፈ። አንዱን ስፔኩለም በአልኮል ጠርጎ ለቀጣዩ ማድረግ አዴኖቫይረስን ከዓይን ወደ ዓይን፣ ከዓይን ወደ ሳንባ ያዛምታል፤ ለ1 ኪሎ ልጅ ይህ የሞት ጉዳይ ነው።

ለብሌን ማስፊያ የሚመረጠው ሳይክሎፔንቶሌት 0.5 በመቶ ከፌኒሌፍሪን 2.5 በመቶ ጋር፣ ወይም ትሮፒካማይድ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ከዚያው ፌኒሌፍሪን ጋር ነው። 10 በመቶውን ፌኒሌፍሪን እንዳለ ጨቅላ ዓይን ውስጥ ማድረግ ክልክል ነው፤ የደም ግፊቱን ያጋልባል። የተገኘው 10 በመቶው ብቻ ከሆነ 1 ሚሊ ሊትሩን በ3 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አርቲፊሻል እንባ የሚያቀጥነው ፋርማሲው እንጂ የክፍሉ ነርስ አልጋ ዳር ሆና አይደለችም። የተቀጠነው ስምና ቀን ይጻፍበት፣ በ24 ሰዓት ይጣል። አትሮፒን አይነካ።

ጊዜው፦ ምርመራው አንድ ሰዓት ሲቀረው የመጀመሪያው ጠብታ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛው፣ ካልሰፋ ሦስተኛው። ከሦስት በላይ አትሂዱ። የልጆቻችን አይሪስ ጥቁር ስለሆነ ማስፊያው ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ሁለተኛውን ዙር መዝለል አያዋጣም። አንዱ ጠብታ ለጨቅላ ዓይን ስለሚበዛ ጉንጩ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ጥረጉት፣ በቆዳው ይገባልና። ጠብታው አንጀትንም ያዘገያል፤ ከምርመራው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት አይሰጠው፣ ከዚያ በኋላ ሆዱ ቢነፋ አትገረሙ፣ ተከታተሉት።

ሦስት ዙር አድርጋችሁ ብሌኑ አልሰፋ ካለ ጠብታውን ብቻ አትውቀሱ። ግትር ያለ፣ ደም ሥር የታየበት አይሪስ ራሱ የኃይለኛ አርኦፒ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ «ስላልሰፋ በሚቀጥለው ሳምንት» ተብሎ አይላክም።

ቤተሰብ ኩል ቀብቶ ካመጣው በንጹሕ ጨርቅና በጨው ውኃ አጽዱለት፤ አትቆጡ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ እንዳይቀሩ።

ደረጃ 6፦ ምርመራው

ክፍሉ ይጨልም፣ ይሙቅ። ልጁ በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይጠቅለል፣ አንዲት ነርስ ራሱን በሁለት እጇ ትያዝ፤ ዓይኗ ግን ልጁ ላይና ሞኒተሩ ላይ እንጂ መርማሪው ላይ አይሁን። ሁለት ደቂቃ ሲቀር 24 በመቶ የስኳር ውኃ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሊትር ምላሱ ላይ፤ ከሌለ የእናቱ ወተት በጠብታ። ቴትራካይን 0.5 በመቶ አንድ ጠብታ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በቅደም ተከተል፦

1. ስፔኩለሙን ሳታስገቡ ውጪውን እዩ፤ ብሌኑ ሰፍቷል? አይሪሱ ላይ ደም ሥር አለ?

2. ስፔኩለሙን ክፈቱ፤ በጣም አትለጥጡት፣ ዓይኑን ይጫናል።

3. ማንኛውንም ነገር ከመጫናችሁ በፊት ዲስኩንና ዙሪያውን እዩ። ፕላስ አለ ወይስ የለም የሚባለው እዚህ ነው፤ ደም ሥሮቹ ተነፍተዋል? ተጠማዘዋል? ዲፕረሰሩ ዓይኑን ከተጫነ በኋላ ደም ሥሮቹ ይገረጣሉ፤ የነበረው ፕላስ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ምርመራ ላይ ከሚደረጉት ስህተቶች የከፋው ይህ ነው።

4. ዞኑን ለዩ። ዞን 1 መሃሉ ዲስኩ የሆነ ክብ ነው፤ ከመሃሉ እስከ ዳሩ ያለው ርቀት ከዲስኩ እስከ ማኩላው (ጥርት ያለ እይታ ያለበት የሬቲና ክፍል) መሃል ካለው ርቀት ሁለት እጥፍ ነው። በ28 ዳዮፕተር ሌንስ የዲስኩን የአፍንጫ በኩል ጠርዝ ከሌንሱ አንድ ዳር ብታደርጉት፣ በጆሮ በኩል ያለው የሌንሱ ዳር የዞን 1 ወሰን ያህል ነው። ዞን 2 ከዚያ ተነሥቶ በአፍንጫ በኩል እስካለው ዳርቻ የሚደርሰው ቀለበት፣ ዞን 3 በጆሮ በኩል የሚቀረው ማጭድ ነው።

5. አሁን ዲፕረሰሩን ያዙ። መጀመሪያ የአፍንጫውን ዳር። ደም ሥሩ እዚያ ድረስ ካልደረሰ ዞን 3 ብሎ ነገር የለም፣ ዞን 2 ነው። ከዚያ የጆሮውን ዳር፣ ቀጥሎ ላይና ታቹን።

6. ደም ሥሩ በቆመበት መስመር ላይ ስቴጁን ለዩ። ስቴጅ 1 ስስ ነጭ መስመር፤ ስቴጅ 2 መስመሩ ከፍታና ስፋት አግኝቶ ግድብ ሲመስል፤ ስቴጅ 3 ከግድቡ ላይ ደም ሥር ወደ ውስጥ ሲያቆጠቁጥ፤ ስቴጅ 4 ሬቲናው በከፊል ሲነቀል፤ ስቴጅ 5 ሙሉ በሙሉ። ኃይለኛው አርኦፒ ግን ይህን መሰላል አይጠብቅም፤ መስመሩም ግድቡም ሳይለይ ፕላሱ ገንፍሎ ይገኛል፤ በቀናት ወደ መነቀል ይሄዳል።

ለአንድ ዓይን ከሁለት ደቂቃ አትለፉ፤ በመሃል ልጁን አሳርፉት። ዲፕረሰሩ ሲጫን የልብ ምቱ ከ100 በታች ከወረደ እጃችሁን አንሡ፤ በሴኮንዶች ይመለሳል። መተንፈስ ካቆመ ስፔኩለሙን አውጡ፣ እግሩን ነክታችሁ አነቃቁት፣ ካልሆነ በአምቡ። ከምርመራው በኋላ እስከ 24 ሰዓት የመተንፈስ መቋረጥ ሊመጣ ስለሚችል ተኝቶ ያለው በሞኒተር ይቆይ፤ ከቤት የመጣውንም ወዲያው ወደ መናኸሪያ አትሸኙት፣ ጠብቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ይሂድ።

ደረጃ 7፦ የተጻፈው ነገር

«ኖርማል» የሚለው ቃል ከአርኦፒ ካርድ ይውጣ። ደም ሥሩ ዞን 2 ላይ ቆሞ በሽታ የሌለው ልጅ ኖርማል አይደለም፣ ያልጨረሰ ነው። እንዲህ ይጻፍ፦

«ኅዳር 30፣ ዕድሜ 33 ሳምንት ከ2 ቀን። ቀኝ፦ ዞን 2፣ ስቴጅ 1፣ ፕላስ የለም። ግራ፦ ዞን 2፣ ደም ሥር አልጨረሰም፣ አርኦፒ የለም። ቀጣይ፦ ታኅሣሥ 14።»

ለእናቲቱም «ዛሬ ምንም የለም» አትበሏት፤ እሱን ከሰማች አትመለስም። «ዛሬ በሽታ አላየንም፤ ደም ሥሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው» በሏት።

ቀጣዩ ቀጠሮ የሚወሰነው በከፋው ዓይን ነው። ዞን 1 ላይ ወይም ወደ ዞን 1 ወሰን ተጠግቶ የቆመ ማንኛውም፣ ዞን 2 ስቴጅ 3፣ ወይም ኃይለኛው የተጠረጠረበት፣ በሳምንት ውስጥ። ዞን 2 ስቴጅ 2፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት። ዞን 2 ሆኖ ስቴጅ 1 ወይም ያልጨረሰ፣ 2 ሳምንት። ዞን 3፣ ከ2 እስከ 3 ሳምንት። የሚቆመው ደም ሥሩ ዳር ድረስ ሲደርስ ወይም በሽታው መሻሩ ሲረጋገጥ ነው። ልጁ 2 ኪሎ ስለሞላ ወይም ከሆስፒታል ስለወጣ አይቆምም።

ደረጃ 8፦ ሕክምና ካስፈለገ፣ 72 ሰዓት

ሦስቱን በቃል ያዙ፦ ዞን 1 ላይ ማንኛውም ስቴጅ ከፕላስ ጋር፤ ዞን 1 ላይ ስቴጅ 3 ያለ ፕላስም ቢሆን፤ ዞን 2 ላይ ስቴጅ 2 ወይም 3 ከፕላስ ጋር። እነዚህ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ መታከም አለባቸው፤ ኃይለኛው ከዚያም ፈጥኖ።

ሌዘሩ ደም ሥር ያልደረሰውን ዳር ያቃጥላል፤ ያ ቦታ ቪኢጂኤፍ ማመንጨቱን ያቆማል፤ የዳር እይታ ይሠዋል፣ መሃሉ ይተርፋል። መርፌው ቪኢጂኤፍን የሚያግደው ቤቫሲዙማብ ሲሆን የተለመደው ልክ የአዋቂ ግማሽ ነው፦ 0.625 ሚሊ ግራም በ0.025 ሚሊ ሊትር። ፕላሱ በቀናት ይወርዳል፤ ግን በሽታው ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ከመጨረሻው የወር አበባ ተቆጥሮ እስከ 65 ሳምንት ዕድሜ ድረስ ይዘልቃል። ሩቅ ቦታ ለሚኖር፣ ቀጠሮ ለማክበር ለሚቸገር ቤተሰብ መርፌ ብቻ ሰጥቶ መልቀቅ ያስፈራል። ለዚህ ዓይነቱ ቤተሰብ ሌዘር የተሻለ እንደሆነ እናስባለን፣ ከተገኘ።

ልጁ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ መንገዱ ብቻ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ስልኩን የምትደውሉት ወረቀቱን ከመጻፋችሁ በፊት ነው፤ የሚቀበለው ሐኪም፣ አልጋውና ማደንዘዣው መኖሩን ሳታረጋግጡ አትላኩ። ዓርብ ከሰዓት የተገኘ ፕላስ እስከ ሰኞ ከቆየ 72 ሰዓቱ አልቋል፤ የምርመራውን ቋሚ ቀን ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ቀኑ ሞልቶ ለተወለደስ

ለሁሉም ሕፃን የሚደረገው የቀይ ነጸብራቅ ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ክፍሉን አጨልሙ፣ ዳይሬክት ኦፍታልሞስኮፑን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሁለቱንም ዓይን በአንድ ላይ አብሩ። የእኛ ልጆች ነጸብራቅ ደማቅ ቀይ ሳይሆን ወደ ብርቱካናማ ወይም ደብዘዝ ያለ ቢጫ ሊያደላ ይችላል፤ የሚፈለገው ሁለቱ ዓይኖች መመሳሰላቸው ነው። ነጭ፣ ጥቁር ነጥብ ወይም ልዩነት ካለ የሞራ ግርዶሽ ወይም ሬቲኖብላስቶማ ሊሆን ስለሚችል ይላክ፤ የአንድ ዓይን የሞራ ግርዶሽ ከ6 ሳምንት በፊት ካልተነሣ እይታው ይሰንፋል። ሲወለድ የሚቀባው ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት) ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ ከእሱ በፊት ወይም ቅባቱ ሲጠፋ እዩ። ይህ ምርመራ ግን አርኦፒን አይተካም፤ ስቴጅ 3 ያለበት ዓይን ነጸብራቁ ቀይ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

አርኦፒው ካለቀ በኋላ

ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ልጅ፣ ታከመም አልታከመም፣ ማዮፒያ፣ የዓይን መንሸዋረርና የአንድ ዓይን ስንፍና ከሌላው ይበዛበታል። ከሆስፒታል ከወጣ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የዓይን ክፍል እንደገና ይየው፤ የክትባት ካርዱ ላይ ጻፉላት፣ እሱ አይጠፋም።

እናቶች «ሦስት ወር ሞላው፣ ፊቴን አያይም» ብለው ይመጣሉ። ከመደንገጥ በፊት ዕድሜውን ከተወለደበት ሳይሆን ሊወለድ ከነበረበት ቀን ቁጠሩ፦ 10 ሳምንት ቀድሞ የመጣ የ13 ሳምንት ልጅ ለዓይኑ የሦስት ሳምንት ልጅ ነው፤ ፊት አለመከተሉ አያስገርምም። በዚያ አቆጣጠር ሁለት ወር ሞልቶት አሁንም የእናቱን ፊት ካልተከተለ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ያን ሳምንት ላኩት።